ነጭ እጀታ ያለው ምላጭ

የአክስቴን ልጅ የኡሙሀኒን ደብዳቤዎች ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ ለጥፌ አቆይቻቸዋለሁ። የራሴንም ከመላኬ በፊት እዚሁ ገልብጬአቸዋለሁ፤ የላከውን ነገር ግልባጭ የማያስቀር ነጋዴ አይደለም። በመካከላቸው ያሉት አጫጭር ጽሑፎች ለማንም ያልላክኋቸው ናቸው።

ከማሉዲን፥ ሰመራ

አዋሽ ሰባት፥ ጥቅምት 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ለአጎቴ ልጅ ለወንድሜ ከማሉዲን፥

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። የሰመራ ፀሐይ እንዴት ይዛሃለች? ሱቅህ፥ ልጆችህ፥ ደጅህ ሁሉ ሰላም ነው ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። የአባባ ዓይን ጨርሶ ጠፍቷል፤ ጆሯቸውና ጣታቸው ግን ከእኔ ይበልጣል። ባቡሩ የሚመጣበትን ቀን ከጣቢያው ሠራተኞች ቀድመው ያውቃሉ። ልጄ ኸሊዳ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች።

ሰላምታው ይህን ያህል ይብቃን። አትቀየመኝ፤ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ባሌ መሐመድአሚን ባለፈው ሚያዝያ ከቤት መውጣቱን ታውቃለህ። ባቡሩ ሲደክም ጣቢያው በር ላይ ጢሙን የሚላጭ መንገደኛ ጠፋ። «ሰዉ ወደ ጅቡቲ መንገድ ሄዷል፤ ጢሙም አብሮት ነው» ብሎ ወንበሩንና መስተዋቱን አስጭኖ ሄደ። በሐምሌ ከሚሌ አንድ ደብዳቤ ላከ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቤታችን ድረስ መጥቶ፥ «ዲቾቶ ላይ አንድ ፀጉር አስተካካይ በወባ ሞቶ ጳጉሜ 3 ቀን ተቀብሯል። ስሙን የሚያውቅ አልተገኘም። ምላጩ ሻይ ቤት ተቀምጧል፤ እጀታው ነጭ ነው» አለን።

ነጭ እጀታ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ መሶቡን ከፍቼ መልሼ እከድነዋለሁ።

የባሌ ወንድም ሰው ሰብስቦ «ሬሳው በሌለበት ሶላተል ጋኢብ ይሰገድለት፤ እሷም የመበለት ዒዳ ትግባ» አለ። እኔ «በሾፌር ወሬ ባሌን አልቀብርም» ብዬ ከመካከላቸው ተነሣሁ። አበደች አሉኝ። ከማሉዲን፥ ባልሞተ ሰው ዒዳ መቀመጥ ሞትን በስሙ መጥራት ነው። ከሞተ ደግሞ አራት ወር ከዐሥር ቀኔን ልቀመጥለት ይገባኛል፤ ኩሌን፥ ሽቶዬን፥ ደጅ መውጣቴን ልተውለት። አሥራ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ ይህችን ካልሰጠሁት ምን ሰጠሁት? አሁን ሚስትም አይደለሁ፥ መበለትም አይደለሁ። መካከል ላይ ቆሜአለሁ።

የእሱን ምላጭ ታውቀዋለህ። ለሰርጋችን ያመጣህልን አንተ ነህ፤ በሽማግሎቹ ፊት «እጀታው የዝሆን ጥርስ ነው» ብለህ ስታቀርበው ድንኳኑ በሙሉ አጨበጨበልህ። መሐመድአሚን ያን ምላጭ ለሰው አያስነካም ነበር። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ካየ ልጁን እንኳ ይቆጣል፤ የዝሆን ጥርስ በፀሐይ ይሰነጠቃል ይላል።

የእጀታን ነገር ካንተ በላይ የሚያውቅ ዘመድ የለንም። አጎቴ ነፍሳቸውን ይማርና ቀንዱን ከአጥንት፥ ጥርሱን ከፕላስቲክ በጋለ መርፌ መለየት አስተምረውሃል። ዲቾቶም ላንተ ቅርብ ነው። ሂድልኝ። መርምረህ እጀታው ምን እንደሆነ ጻፍልኝ፤ የሸተተህንም ጻፍልኝ። የዝሆን ጥርስ ከሆነ እሱ ነው፥ እቀመጣለሁ። ካልሆነ ለሞተው ለማላውቀው ሰው አላህ ይዘንለት፥ እኔም የራሴን እጠብቃለሁ።

በአላህ ይዤሃለሁ፥ አታዘግየኝ።

የአክስትህ ልጅ ኡሙሀኒ አወል

ሰመራ፥ ጥቅምት 16 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኡሙሀኒ፥

ወአለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ ልብሽን ያርጋልሽ፤ ለአባ አወል ጤናና ዕድሜ ይስጥልን። እዚህ የሚገነባው ከተማ ገና አቧራ ነው፤ ሱቄ ግን ከቀን ሠራተኛውም ከሾፌሩም ያገኛል፥ አልሐምዱሊላህ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ በማግስቱ ሱቁን ዘግቼ ወደ ወደብ ባዶውን በሚወርድ መኪና ዲቾቶ ሄድኩ። ሻይ ቤቱ ውባንች የምትባል የጎጃም ሴት ንብረት ነው። ምላጩን አሳዪኝ ስላት ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ዘመድ ነህ?»

«ካየሁት በኋላ እነግርሻለሁ።»

«ካንተ በፊት ሦስት ሰው ዘመድ ነኝ ብሎ መጥቷል። ሦስቱም ምላጭ ቸግሯቸው እንጂ ዘመድ ቸግሯቸው አይደለም።»

«እኔ ነጋዴ ነኝ።»

«እሱማ ከዓይንህ ያስታውቃል» አለችና ከመደርደሪያው ላይ የስኳር ጣሳ አወረደች። ምላጩ በጨርቅ ተጠቅልሎ በውስጡ ነበር።

«ስሙን አልጠየቅሽውም?»

«ሾፌሮቹ ሸህ ምላጭ ይሉታል፤ እኔም እንደዚያው እለዋለሁ። በዚህ መንገድ ላይ ትክክለኛ ስሙ ተጽፎበት የሚሄድ መኪና ብቻ ነው። መልኩንም እንዳትጠይቀኝ፤ ወባ የያዘው ሰው ሁሉ መልኩ አንድ ነው።»

አሁን ስለ እጀታው። ነጭ እጀታ ሲባል ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አጥንት ከሆነ ጠጋ ብለሽ ስታዪው እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ይታዩበታል፤ በሬው በሕይወት ሳለ ደም ያለፈባቸው ናቸው። የዝሆን ጥርስ ነጠብጣብ የለውም፤ ጫፉን ወደ ብርሃን ስታዞሪው ስስ መስመሮች እንደ ወንፊት ተጠላልፈው ታያለሽ፥ ጉንጭሽ ላይ ስታደርጊውም ይቀዘቅዛል። ሦስተኛው ፈረንጆቹ ሴሉሎይድ የሚሉት የድሮ ፕላስቲክ ነው። እሱም መስመር አለው፤ ግን ፋብሪካ ያሰመረው ስለሆነ እንደ ደብተር መስመር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አርጅቶ ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ ላብ ያወጣል፤ ላቡ ብረቱን ይበላዋል።

ይህ እጀታ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ስለቱ ሲታጠፍ እጀታው ውስጥ የሚገባው ወገን ዝጓል፤ ደጅ የሚቀረው ደኅና ነው። እንዲህም ሆኖ ላንቺ ጉዳይ ዓይኔን ብቻ አላመንኩም። ውባንችን ኩራዝ ጠይቄ መርፌ አጋልኩና ከውስጥ በኩል፥ ከሚስማሩ አጠገብ ወጋሁት። ቀንድ ቢሆን የተቃጠለ ፀጉር ይሸት ነበር። አጥንትና ጥርስ ቢሆን መርፌው አይገባም ነበር፤ የሚሸተውም ጥርስ ሐኪም ቤት የሚሸተው ነው። መርፌው እንደ ቅቤ ገባ። የሸተተኝ ካፉር ነው፤ ሴሉሎይድ የሚሠራበት፥ ያው ሬሳ ሲታጠብ የሚሸተው።

ስለዚህ የዝሆን ጥርስ አይደለም። ሌላ ምልክት አላየሁበትም። ያንቺን ጠብቂ፤ ተስፋ አትቁረጪ።

ወንድምሽ ከማሉዲን

ጥቅምት 16፥ ደብዳቤውን ለሾፌር ከሰጠሁ በኋላ

የጻፍኩላት ሁሉ እውነት ነው፤ «ሌላ ምልክት አላየሁበትም» ካልኩት በቀር።

በ1981 ኮምቦልቻ ከአባቴ ጋር ስነግድ ያን ምላጭ ድሬዳዋ ወርጄ ሱቁን ከሚዘጋ አንድ የመናዊ ገዛሁት። ማታ ማታ ከአባቴ ጋር የመቁጠሪያ ፍሬ በመርፌ እንደምፈትነው እሱንም ከውስጥ በኩል ከሚስማሩ አጠገብ ወጋሁት። መርፌው አዳልጦኝ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ የምሥር ፍሬ ግማሽ መሰለ። ካፉር ሸተተኝ። ሴሉሎይድ ነው ብዬ አስቀመጥኩት። ሰርጉ ሲደርስ ሌሎቹ ዘመዶች በግና ሙክት ይዘው መጡ፤ እኔ እጄ ባዶ ነበር። ምላጩን አወጣሁና «የዝሆን ጥርስ ነው» አልኩ። አጨበጨቡልኝ።

ዲቾቶ ላይ ምላጩን ስከፍተው ያ ግማሽ ምሥር እዚያው ነበር። ኩራዙ ገና አልተለኮሰም። እንደዚያም ሆኖ መርፌውን አጋልኩት።

ብነግራት አንድ ሳይሆን ሁለት ነገር ነው የምነግራት። ባልሽ ሞቷል፤ እኔም አታልያችኋለሁ። የመጀመሪያውን ብቻ የምናገርበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ውባንች ስለ ምላጩ ሌላ አንድ ነገር ነግራኛለች። እሱን እዚህም ላይ አልጽፈውም።

አዋሽ ሰባት፥ ኅዳር 4 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለከማሉዲን፥

አሰላሙ አለይኩም። ረመዳንን በሰላም ያስጨርስህ፤ ጾምህን አላህ ይቀበልህ። እንዲህ ያለ ወንድም ለሰጠኝ ጌታ ምስጋና ይድረሰው። ደብዳቤህን አንብቤ መሬት ላይ ተደፋሁ፤ የደስታ ሱጁድ ነው። ማታ ጾሜን ስፈታ ውኃ ጠጣሁ፥ ቂጣ በላሁ፥ ከወር በላይ ያልተኛሁትን እንቅልፍ ተኛሁ።

ለባሌ ወንድም ደብዳቤህን በሰው ፊት አነበብኩለት። «በመርፌ የተረጋገጠ ነው፤ አንተ በወሬ ልትቀብረው ነበር» አልኩት። አንገቱን ደፋ። አሁን በመንገድ ሲያየኝ ይሸሸኛል። ደግ አደረግሁ።

አባባ ግን ገረሙኝ። ኸሊዳ ስታነብላቸው «ምን ሸተተው ነው ያለው?» አሉ። ካፉር አለቻቸው። «እስቲ ድገሚው» አሉ። ሁለቴ አስነበቧት፤ ከዚያ የተስቢሕ መቁጠሪያቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ደስ ያላቸው አልመሰለኝም። እርጅና ነው እንጂ ምን ይሆናል?

አሁን የምለምንህ ሌላ ነው። ከጅቡቲ የተመለሰ አንድ የመኪና ረዳት ወደቡ አጠገብ፥ መኪኖች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ፥ የአዋሽ አነጋገር ያለው ፀጉር አስተካካይ አይቻለሁ አለኝ። ጠይም ነው፥ ትንሽ ያነክሳል ብሏል። መሐመድአሚን አያነክስም፤ ግን በመንገድ ስንት ነገር ይደርሳል። የምታውቀው ሾፌር ካለ በጋላፊ ኬላ አሳልፎ እንዲወስደኝ አነጋግርልኝ። ከኢድ በኋላ እነሣለሁ። አይቼው ካልመጣሁ ይህ ቤት አያኖረኝም።

እህትህ ኡሙሀኒ

ኅዳር 15

መልስ አልጻፍኩም። ጾም ነው፥ ሰውነቴ ደክሟል አልኩ። ለሱቁ ግን አልደከምኩም፤ ዛሬ ስድሳ ብርድ ልብስ ተቀብያለሁ።

አባ አወል ሁለቴ አስነበቧት። ሠላሳ ዓመት ጣቢያው በር ላይ የሰው ጢም ሲላጩ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህን ነገር አልወደድኩትም።

ሰመራ፥ ኅዳር 30 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኡሙሀኒ፥

ኢድ ሙባረክ። ከዓመት ዓመት ያድርሰን። በማዘግየቴ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ስለ ጅቡቲው ጉዞ የታመነ ሾፌር አላገኘሁም። ኬላው ጠብቋል፤ ወረቀት የሌለውን ሰው አስወርደው በረሃ ላይ ይተዉታል። የሚያነክስ ሰው ብለው ነው የነገሩሽ፤ ያንቺ ሰው እንደማያነክስ ራስሽ ጽፈሻል። ጥቂት ታገሺ። መንገደኛ ሲደክመው ቤቱ ይመጣል።

ለኸሊዳ የላክሁት ቦርሳ ከዚህ ጋር ይደርሳታል።

ከማሉዲን

አዋሽ ሰባት፥ ታኅሣሥ 16 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለከማሉዲን፥

አሰላሙ አለይኩም። ኸሊዳ ስለ ቦርሳው ታመሰግንሃለች። እኔ ቦርሳ አልጠየቅሁህም።

በሕይወት አለ ብዬ እንድጠብቅ ያደረግኸኝ አንተ ነህ። በመርፌ መርምሬአለሁ ያልከኝ አንተ ነህ። ባሌ ካለ፥ ሄጄ እንዳልፈልገው የምትከለክለኝ ስለምንድን ነው? ሌላ ሚስት አግብቶ ታውቃለህ? እሱም ቢሆን ንገረኝ። እምላለሁ አልጮህም። አንድ ነገር እንደያዝክብኝ ሰውነቴ ይነግረኛል፤ በመጀመሪያው ደብዳቤህ ስለ አንድ እጀታ ሁለት ገጽ ጻፍክልኝ፥ በሁለተኛው ስለ ሰውዬው ግማሽ ገጽ አልሞላህም።

ላንተ ሾፌር ቢጠፋ ለእኔ ደላላ አልጠፋኝም። ጥር 15 ቀን ከዚህ የሚነሡ አሥራ አንድ ሰዎች አሉ፤ ከዲቾቶ በኋላ ከመኪና ወርደን ኬላውን በእግር እንዞረዋለን። ሁለት ሌሊት ነው አሉኝ። ባለፈው የሄዱት ውኃ አልቆባቸው ሁለት ሴቶች ቀርተዋል፤ ይህንንም ነግረውኛል፥ እንዳላወቀ ሰው አታስፈራራኝ። ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ደጁን እያየሁ ከማልቅ መንገድ ላይ ልለቅ። ኸሊዳን ለአባባ፥ አባባን ለኸሊዳ ትቻለሁ።

አባባ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቀውሃል። ያ ዲቾቶ ላይ የሞተው ሰው ምላጭ ካልተሸጠ ይላክልኝ፥ በጣቴ ልየው ብለዋል። የማያውቁት ሬሳ ምላጭ ምን እንደሚያደርግላቸው ብጠይቃቸው «ከማሉዲን ይገባዋል» ብቻ አሉኝ።

ገባህ?

ኡሙሀኒ

ጥር 4፥ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት

ገብቶኛል።

ዲቾቶ ሄድኩ። ውባንች ገና ስታየኝ ጣሳውን አወረደች።

«ዘመድ ሆንክ እንግዲህ?» አለችኝ።

«የዘመድ ዘመድ።»

«ይህን የመጀመሪያ ቀን ብትል ምን ነበረበት? ሰው እንደ ውሻ ያለ ስም ተኝቷል።»

ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ ተነሣሁ።

ምላጩ ከሄደላቸው አባ አወል ያውቃሉ። ካልሄደ ኡሙሀኒ ጥር 15 ቀን በረሃ ትገባለች። የትኛው እንደሚብስ ለመለየት መርፌ አያስፈልግም። ሆኖም ምላጩ ሰባት ቀን መሳቢያዬ ውስጥ ተቀመጠ። ደብዳቤውን አራት ጊዜ ጻፍኩት። በእያንዳንዱ ጊዜ እኔ ትንሽ እየነጣሁ፥ ያ ድሬዳዋ ያለው የመናዊ ትንሽ እየጠቆረ ሄደ።

ሰመራ፥ ጥር 4 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኡሙሀኒ፥

አሰላሙ አለይኩም። ምላጩን ለአባ አወል በዚህ ሾፌር እጅ ልኬአለሁ።

እህቴ ሆይ፥ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ያኔ ለሰርጋችሁ የሰጠኋችሁ ምላጭ የዝሆን ጥርስ ላይሆን ይችላል። የሸጠልኝ ሰው አታሎኝ ይሆናል። ያኔ ልጅ ነበርኩ፥ መለየት አላውቅም ነበር። አሁን ነገሩን ሳሰላስል ይህ ምላጭ ያው የመሐመድአሚን ሊሆን ይችላል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ጉዞሽን ተዪው። ለልጅሽ ስትዪ ተዪው። የአላህ ፈቃድ ከሆነ ምን ማድረግ እንችላለን?

ከማሉዲን

አዋሽ ሰባት፥ ጥር 17 ቀን 1995 ዓ.ም.

ከማሉዲን፥

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታ የሙስሊም ግዴታ ስለሆነ ነው።

መኪናው ገዋኔ ላይ ተሰብሮ ምላጩ የደረሰን ጥር 8 ቀን ነው። ደብዳቤህን ሳልከፍት ምላጩን ለአባባ ሰጠኋቸው። ከፈቱት። በአውራ ጣታቸው ጀርባውን፥ ሚስማሩን ዳበሱ። ከዚያ ጥፍራቸውን እጀታው ውስጥ አስገብተው ቆዩ።

«ሁለት ናቸው» አሉ።

«ምኑ ነው ሁለት?»

«ቀዳዳው። አንደኛው አፉ ሹል ነው፥ የቅርብ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ለዝቧል፤ ግማሽ ምሥር ይመስላል። እሱን አውቀዋለሁ። የሰርጋችሁ ዕለት እጄ ሲገባ ገና ካፉር ይሸት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ልጁ እጁ ባዶ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላዋርደው? ለመላጨት እንደሆነ ደግሞ ይላጫል።»

«በኅዳር ካፉር ሲባል ሰምተው ለምን ዝም አሉ?»

ይህን ስላቸው አለቀሱ። ከጠፋው ዓይናቸው እንባ ይወጣል ብዬ አላውቅም ነበር። «በካፉር ሽታ ብቻ ሰው አይቀበርም፤ እንዲህ ያለ እጀታ በዓለም ላይ ብዙ ነው። በጣቴ ሳላየው እንዴት ብዬ ባልሽ ሞተ ልበልሽ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ደብዳቤህን የከፈትኩት። «መለየት አላውቅም ነበር» የሚለውን ቀዳዳውን በጣቴ ይዤ አነበብኩት።

በማግስቱ ቃዲው ጋ ሄድኩ። ዒዳ ልገባ ነው፥ ከዛሬ ይቁጠሩልኝ አልኳቸው። መቼ ሞተ አሉኝ። ጳጉሜ 3 አልኳቸው። በጣታቸው ቆጥረው፥ «ልጄ፥ ዒዳ የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን ነው እንጂ ከሰማሽበት ቀን አይደለም። ጥር 6 ቀን አልቋል። ነፃ ነሽ፤ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አሉኝ።

ነፃ ነሽ! ምላጩ ከመድረሱ ሁለት ቀን በፊት። ባሌ ከሞተ በኋላ በነበረው አራት ወር ከዐሥር ቀን ውስጥ እኔ ኩል ተኩያለሁ። በኢድ ቀን ድንገት ቢመጣ ያየኛል ብዬ እጄን ሒና ነክሬአለሁ። ሊያለቅስለት የመጣውን ወንድሙን በሰው ፊት አሳፍሬ አባርሬአለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሳልቀመጥለት ቀኑ አለቀ። ይህን በምን ትመልስልኛለህ? በቦርሳ?

ስለ ዝሆን ጥርሱ አልተቀየምኩህም፤ አባባ በአሥራ አራት ዓመት ዝምታ ይቅር ብለውሃል። «ተስፋ አትቁረጪ» ብለህ የጻፍካትን ግን ይቅር የምልበት ልብ አልተሰጠኝም።

ሁለት ነገር አድርግልኝ። መቃብሩ ላይ ድንጋይ አቁምና ስሙን አስጽፍ። ሁለተኛ፥ ለዚህ መልስ ስጠኝ፤ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ካየህ፥ ሁለተኛውን ለምን ወጋህ?

የምታውቀውን ብቻ ጻፍልኝ። ካወቅኸው በላይ አንድ ቃል እንዳትጨምር።

ኡሙሀኒ

ሰመራ፥ ጥር 29 ቀን 1995 ዓ.ም.

ኡሙሀኒ፥

የማውቀውን ብቻ እጽፋለሁ።

በ1981 እጀታው ሴሉሎይድ መሆኑን ፈትኜ፥ አውቄ ነው የሰጠኋችሁ። የሸጠልኝ ሰው አላታለለኝም፤ የሸጠልኝ ምላጭ ብሎ ነው።

የመጀመሪያውን ቀዳዳ ያየሁት ኩራዙ ሳይለኮስ ነው። ሁለተኛውን የወጋሁት «መርምሬአለሁ» ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ግን እሱ ብቻ አይደለም። መርፌው እንቢ እንዲል፥ የተቃጠለ ጥርስ እንዲሸተኝ ለመንኩ። ከያዝኩት ዕቃ ሁሉ የዝሆን ጥርስ ሆኖ እንዲገኝ የለመንኩት እሱን ብቻ ነው።

ትናንት ዲቾቶ ነበርኩ። መቃብሩ ከሻይ ቤቱ ጀርባ፥ ከግራር ሥር ነው። የቀበሩት አፋሮች በሥርዓቱ አጥበው፥ ሰግደውበት፥ ድንጋይ ከምረውበታል። እኔ ስሙን በሲሚንቶ ላይ ጽፌ አቆምኩ። መሐመድአሚን ብቻ ነው የጻፍኩት፤ ሌላ ቃል የለበትም።

አንድ ነገር ከጥቅምት ጀምሮ ደብቄሻለሁ። ውባንች ያን ጊዜ ነግራኝ ነበር፤ ይህን ብጽፍልሽ መርፌም ሳያስፈልግሽ በዚያው ቀን ታውቂ ነበር። ጳጉሜ 3 ቀን ጠዋት፥ አፉ ደርቆ ውኃ እንኳ መዋጥ ሳይችል፥ ምላጩ ወንበሩ ላይ እንደቀረ ትዝ አለው። በእጁ ጠራትና አነሺልኝ አላት። በጨርቅ ጠቅልላ ጣሳ ውስጥ ከታ እስክታሳየው ድረስ ዓይኑን አልከደነም።

ያላትም ይህን ነው፦ «ፀሐይ እንዳይነካው፤ የዝሆን ጥርስ ነው።»

ከማሉዲን